ከቅጥር እስከ ስንብት፦ ሠራተኛ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አገላብጦ ያየ ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ የራሱን የሥራ ውል ደግሞ አንብቦ የፈረመም እንደዚያው። በዚህ ምክንያት መብት የሚጠፋው ጠብ ከመነሳቱ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው፤ ሳይነበብ በተፈረመ ወረቀት፣ ሳይጠየቅ ባለፈ ቀን፣ «ይሁን፣ እንጀራዬን ላበላሽ ነው?» ተብሎ በታለፈ ነገር። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች በፋብሪካም፣ በሆቴልም፣ በጥበቃና በጽዳት ሥራም ይደጋገማሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፤ የሥራ መሪዎችም ከዚህ አዋጅ ሽፋን ውጪ ናቸው። ስለዚህ የምጽፈው በዋናነት ለግልና ለመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኞች ነው።

«ወረቀት ስላልሰጡኝ ውል የለኝም» ብሎ ማመን

የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም። በሌላ ሰው አመራር ሥር ሆነው፣ ደመወዝ እየተከፈለዎት ከሠሩ ውል አለዎት። እንዲያውም በቃል የቀጠረ አሠሪ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር በጽሑፍ አድርጎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት ግዴታው ነው። ግዴታውን አለመወጣቱ እርስዎን መብትዎን አያሳጣዎትም።

ከባዱ ማስረጃው ነው። ጉዳዩ ክርክር ላይ ሲደርስ አሠሪው «ይህን ሰው አላውቀውም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ደመወዝ የገባበትን የባንክ መግለጫ፣ የሥራ መታወቂያዎን፣ የፈረሙበትን የሰዓት መቆጣጠሪያ ፎቶ፣ አለቃዎ በቴሌግራም «ነገ በጠዋት ግባ» ያለበትን መልእክት ያስቀምጡ።

ወረቀቱ ከተሰጠዎት ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ከትተው አይርሱት። የተጻፈው ከተስማማችሁበት የተለየ ከሆነ በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቃወሙ። ዝም ካሉ በዚያ እንደተስማሙ ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ በቃል ቃል የተገባለትን ጭማሪ እየጠበቀ፣ ጭማሪው የሌለበትን ወረቀት ሳይቃወም ይከርማል።

በየስድስት ወሩ የሚታደስን «ኮንትራት» እንደ ሕግ መቀበል

ሕጉ የሚነሳው ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ነው ከሚል ግምት ነው። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው ተለይተው በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ብቻ ነው፦ የታመመ ወይም በፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛን ለመተካት፣ ከመደበኛው በላይ የሆነ የሥራ ብዛት ሲያጋጥም፣ ለወቅታዊ ሥራ፣ ለአንድ ለተወሰነ ሥራ እና ለመሳሰሉት።

ራስዎን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። ሥራው ዓመቱን ሙሉ የሚቀጥል ነው? ዓመት ከዓመት በማይቆም መስመር ላይ የልብስ ስፌት ማሽን የምታንቀሳቅስ ሴት በየስድስት ወሩ አዲስ ወረቀት ብትፈርምም ሥራዋ ጊዜያዊ አይሆንም። ዳኛ የሚያየውም ከወረቀቱ ርዕስ ይልቅ የሥራውን ባሕርይ ነው። «ኮንትራትሽ አልቋል» ስትባል ዕቃዋን ሰብስባ የምትወጣ ሠራተኛ ግን ይህን ለመጠየቅ ዕድል አታገኝም። እኔ ከሁሉ አብዝቶ የሚቆጨኝ ይህ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ነፍሰ ጡር ስትሆን ወይም ስትታመም ውሏ «የሚያልቅባት» ሠራተኛ ብዙ ናት።

የሙከራ ጊዜን እንደ ባዶ ጊዜ መቁጠር

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ ይህም በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 10 ሳምንት ነው። በጽሑፍ ካልተደረገም ሙከራ የለም። በዚህ ጊዜ አሠሪው ብቁ አይደለህም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል፣ ሠራተኛውም እንዲሁ ሊለቅ ይችላል። ከዚህ ውጪ መብቱም ግዴታውም ከሌላው ሠራተኛ እኩል ነው። «ሙከራ ላይ ስለሆንክ ኦቨርታይም አይከፈልህም» የሚባለው ከሕግ የመጣ አይደለም።

በሁለት ወረቀት ደመወዝ መስማማት

ቅጥር ላይ «ደመወዝህ 12,000 ነው፤ ፔሮል ላይ ግን 5,000 ይጻፍ፣ ቀሪው በእጅ ይሰጥሃል» ይባላል። ሠራተኛው ግብር ስለቀነሰለት ደስ ይለዋል። የሚያጣውን ቁጭ ብለን እናስላ።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። በ5,000 ብር ሲሰላ የአሠሪው መዋጮ በወር 550 ብር ነው፤ በ12,000 ቢሆን 1,320 ብር ይሆን ነበር። ይህ ልዩነት ለዓመታት ሲጠራቀም በሽምግልና ዘመን የሚገኘውን አበል ያሳንሳል። በዚህም አያበቃም። ሲታመም የሚከፈለው፣ ለዓመት ፈቃድ የሚሰላው፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያው፣ የሥራ ስንብቱ፣ ያለ አግባብ ቢባረር የሚወሰንለት ካሣ፣ ሁሉም የሚሰላው በደመወዝ ላይ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ አሠሪው ፔሮሉን ያቀርባል፤ በእጅ የተቀበለውን 7,000 ብር የሚመሰክርለት ወረቀት ግን የለም።

ተመሳሳይ ጉዳት የሚያደርሰው ደመወዙን አሳንሶ ቀሪውን አበል ብሎ መጻፍ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን እና የመሳሰሉት በአዋጁ መሠረት ደመወዝ አይባሉም። ስለዚህ ሲደራደሩ «በጠቅላላው ስንት ይደርሰኛል?» ከማለት በተጨማሪ «መነሻ ደመወዜ ተብሎ የሚጻፈው ስንት ነው?» ይበሉ።

የትርፍ ሰዓትን በግምት መቀበል

በወር 6,240 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ 26 ቀን በ8 ሰዓት ሲሰላ የአንድ ሰዓቱ ዋጋ 30 ብር ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ከሠራ ሰዓቱ በአንድ ተኩል ተባዝቶ 45 ብር ይሆናል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 52 ብር ከ50፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 60፣ በሕዝብ በዓል 75 ብር ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የሠሩትን ሰዓት በራስዎ ማስታወሻ ላይ በየቀኑ ይመዝግቡ፤ ወር ሲያልቅ ከክፍያ ወረቀቱ ጋር ያመሳክሩት።

ሲሰናበቱ የተሰጠዎትን ወረቀት ሁሉ መፈረም

አስተዳደር ቢሮ ይጠራሉ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው የመጨረሻ ክፍያ ማዘዣ ነው፤ ሌላው «በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄያለሁ፣ ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ነገር የለም» ይላል። «ሁለተኛውን ካልፈረምክ የመጀመሪያውን አንሰጥህም» ይባላል። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው ይፈርማል።

አዋጁ ሠራተኛው በስምምነት ሲለይ በሕግ የተሰጠውን መብት መተዉ ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል። ሆኖም «በራሴ ፈቃድ» የምትለዋ ቃል ተባርሬያለሁ ብሎ ለሚከራከር ሰው ትልቅ እንቅፋት ናት። ስለዚህ ያልለቀቁትን «ለቅቄያለሁ» ብለው አይፈርሙ። የስንብት ደብዳቤ ከሆነ ተቀብለው፣ ከፊርማዎ አጠገብ «ደብዳቤው ደርሶኛል፤ በይዘቱ አልስማማም» ብለው ቀኑን ይጻፉበት፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት። የሚገባዎት ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ለዚህ ማስያዣ የሚሆን ፊርማ የለም። የሥራ ልምድ ማስረጃም በነፃ የሚሰጥ ነው።

ተቃራኒው ስህተት ተናድዶ ጥሎ መውጣት ነው። ሠራተኛ በራሱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ቀርቶ ቀርቶ መመለስም አያዋጣም። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት እያለ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። አሠሪው በክብርዎ ላይ የሚያዋርድ ወይም የፆታ ትንኮሳ ድርጊት ከፈጸመ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይቻላል፤ ይህን መብት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ያልፋል።

በሽምግልና ላይ እያሉ ይርጋ እንዲያልፍ መፍቀድ

እኛ አገር ሽምግልና ደግ ባህል ነው፤ ሽማግሌ መላክን አልቃወምም። ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ግን ሽማግሌ አይጠብቅም። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ጥያቄ ከተሰናበቱበት ቀን አንስቶ 3 ወር ነው። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌሎች ክፍያዎችን ለመጠየቅ፣ እንዲሁም ከስንብት ጋር የተያያዘ ክፍያ ለማግኘት 6 ወር ነው። ሌላ ልዩ ጊዜ ያልተቀመጠለት ጥያቄ በአንድ ዓመት ይታገዳል።

ጥቅምት 5 የተባረረ ሠራተኛ ሥራ አስኪያጁ ከውጭ አገር እስኪመለስ ጠበቀ እንበል። ከዚያ «ከገና በኋላ እናያለን» ተባለ። ከገና በኋላ ጥምቀት አለ። ጥምቀት ሲያልፍ ሦስቱ ወር አልቋል፤ ወደ ቦታው የመመለስ ጥያቄውም አብሮ አልፏል። «እናያለን» የሚል የቃል ተስፋ ጊዜውን አያቆመውም። አሠሪው ጥያቄውን በጽሑፍ ካመነ ወይም በከፊል ከፈጸመ፣ ወይም ጉዳዩ ሥልጣን ላለው አካል ከቀረበ ነው የሚቋረጠው። ስለዚህ ሽማግሌው መሀል ላይ ይሁን፣ ክሱም በጊዜው ለፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት ይቅረብ። ሁለቱ አይጣሉም።

ማኅበር የሚመሠረተው ችግር ሲመጣ ነው ብሎ መጠበቅ

ድርጅቱ ሠራተኛ ሊቀንስ ነው የሚል ወሬ ሲነሳ ሁሉም «ማኅበር ቢኖረን ኖሮ» ይላል። ሕጉ ቅነሳ ከመደረጉ በፊት አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር እንዲመካከር ይጠይቃል፤ አሠሪው የሚመካከረው አካል ከሌለ ግን ሠራተኛው ስሙን የሚያገኘው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው።

ለመመሥረት የሚያስፈልገው ቁጥር ትንሽ ነው። አሥር ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት፣ ቢያንስ አሥር አባል ይዞ ማቋቋም ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀት መብትን አስቀምጧል፤ አገራችንም የዓለም ሥራ ድርጅትን የመደራጀትና የኅብረት ድርድር ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም. ነው። የማኅበር አባል መሆን፣ ለአመራርነት መወዳደርም ሆነ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት ሊሆን አይችልም። በዚህ ምክንያት የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ ይወሰናል።

ማኅበሩን ለአመራሩ ትቶ መሄድ

መዋጮ መክፈል ብቻውን አባልነት አይደለም። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ አምስት ሰው የሚገኝበት ማኅበር፣ አመራሩ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ብቻውን ሻይ እየጠጣ የሚወስንበት ማኅበር ይሆናል። የሚመረጠው ሰው ድምፁ የሚጎላው ሳይሆን ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ቀን የሚይዝ፣ የሰማውን መልሶ ለአባላት የሚናገር ሊሆን ይገባል። ለድርድር፣ ለክርክርና ለማኅበር ስብሰባ አመራሩ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ስላለው «ሥራ በዛብኝ» ምክንያት አይሆንም።

የማኅበሩ ትልቁ ሥራ የኅብረት ስምምነት ነው፤ ይህም ማኅበሩ በሠራተኞቹ ስም ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ የሚፈርመው ውል ነው። አዋጁ ዝቅተኛውን ወለል ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ የመጀመሪያ ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ስምምነቱ ከዚህ ከፍ ማድረግ ይችላል፣ ዝቅ ማድረግ ግን አይችልም፤ ለሠራተኛው የተሻለው የትኛውም ቢሆን እርሱ ነው የሚሠራው። በግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት አገር ደግሞ የደመወዝ እርከንና ጭማሪ የሚወሰነው በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። የስምምነቱን ቅጂ ይጠይቁ፣ የሚያበቃበትን ቀንም ይወቁ። እድሳቱ ሳይጀመር ጊዜው ካለፈ በላብ የተገኘው ጥቅም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ተናድዶ በድንገት ሥራ ማቆምም እዚሁ የሚነሳ ነው። የሥራ ማቆም መብት አለ፤ ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን፣ የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠትና አስቀድሞ በእርቅ ለመፍታት መሞከር ግን ግድ ነው። እነዚህን የዘለለ ቡድን ከአሠሪው በፊት ሕጉ ይይዘዋል።

በኤጀንሲ የተቀጠሩ «እኛ ማኅበር አይመለከተንም» ማለታቸው

የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች በአንድ ባንክ በር ላይ ይቆማሉ፣ ደመወዛቸው ግን ከሌላ ድርጅት ይመጣል። የባንኩ ሠራተኞች ማኅበር የእነርሱ አይሆንም፤ አሠሪያቸው የቀጠራቸው ኤጀንሲ ነው። በአንድ ኤጀንሲ ሥር አሥር በር ላይ የቆሙ አሥር ጥበቃዎች በየፈረቃው ባይተያዩም ለመደራጀት ቁጥራቸው በቂ ነው። ከአሥር በታች ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች የተበተኑትም በጋራ አንድ ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። የሚጀመረው በቀላሉ ነው፦ በደመወዝ ቀን ሁሉም የሚመጣበትን ቦታ መርጦ መሰብሰብ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ መተዳደሪያ ደንብ ማጽደቅ፣ አመራር መምረጥ። ከዚያ የአመራሩን ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ ደንቡን፣ የማኅበሩን ስምና ዓርማ ይዞ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ማመልከት። ቢሮው በ15 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ስለዚህ ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ቀንና ማኅተም በቅጂው ላይ አስመትተው ይውጡ።