ስኮርት ጎማ ለሌላት የስፖርት መኪና ራንፍላት ይሻላል ወይስ ተራ ጎማ?

ከ2002 እስከ 2008 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የተመረተችውን ቢኤምደብሊው ዜድ4 የኋላ ኮፈን ብትከፍቱ ስኮርት ጎማ አታገኙም፤ የሚቀመጥበት ቦታም የለም። አብዛኞቹ ከፋብሪካ የወጡት ራንፍላት ተገጥሞላቸው ነው፤ ንፋሱ ወጥቶም የሚሄድ ጎማ ማለት ነው። ጥርሱ ሲያልቅ ያንኑ መልሶ መግዛት ወይም ወደ ተራ ጎማ መዞር ይመጣል። ብዙ ሰው ምርጫውን ከምቾት ይጀምራል፤ ራንፍላት ይደርቃል፣ ወገብ ይሰብራል ይላል። እውነት ነው፣ ይደርቃል። ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ጎማው ሌሊት አውራ ጎዳና ላይ ቢተነፍስ ምን ታደርጋላችሁ?

1. ጎማው ላይ የተጻፈውን አንብቡ

መኪናዋ ያገለገለች ከሆነች የቀድሞው ባለቤት ቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል አራቱንም ዞራችሁ እዩ። መጠኑ በተጻፈበት መሃል «አር» ብቻ ሳይሆን «አር ኤፍ» ካለ ራንፍላት ነው። አምራቾቹ የየራሳቸው ምልክትም አላቸው፦ ብሪጅስቶን «አር ኤፍ ቲ»፣ ሚሽሊን «ዜድ ፒ»፣ ኮንቲኔንታል «ኤስ ኤስ አር»፣ ጉድይር «አር ኦ ኤፍ»፣ ደንሎፕ «ዲ ኤስ ኤስ ቲ» ይላሉ። «ዶት» በሚለው መስመር መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሯችኋል፤ 2319 ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው።

ሁለቱ ዓይነቶች አንድ አክስል ላይ አይቀላቀሉም። ከፊት አንዱን፣ ከኋላ ሌላውን ማድረግም ለስፖርት መኪና አይሆንም። ፊቱ ደረቅ፣ ኋላው ለስላሳ ከሆነ መሪውን ስታዞሩ ፊቱ ወዲያው ይታዘዛል፣ ኋላው ግን ዘግይቶ ይከተላል። ይህ በቀስታ ሲነዳ አይታወቅም፤ በፍጥነት ኩርባ ውስጥ ነው የሚያስደነግጠው። ገንዘብ ካልሞላ አራቱንም መግዛት እስኪቻል መታገስ ይሻላል።

2. መንገዳችሁን ከ80 ኪሎ ሜትር ጋር አስተያዩ

ተራ ጎማ ላይ ክብደቱን የሚሸከመው ንፋሱ ነው። ንፋሱ ሲወጣ ጎኑ በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል ይታጠፋል፣ ይግላል፣ ይቆራረጣል። ራንፍላት ጎኑ ውስጥ ሙቀት የሚችል ወፍራም ላስቲክ ስላለው ባዶውንም ይሸከማል። እሱም ቢሆን መጋሉ አይቀርም። ስለዚህ የተለመደው ገደብ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳያልፉ 80 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ነው፤ ጭነትና ሙቀት ሲጨምር ይህም ያንሳል።

ከዋሽንግተን ባልቲሞር 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ያደርሳችኋል። ሪችመንድ ግን 170 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መንገድ ላይ ጎሚስታ መፈለግ ግድ ነው። ዱባይና አቡ ዳቢ የሚመላለስ ሰው ደግሞ 140 ኪሎ ሜትሩን በሐምሌ ሙቀት ያስበው። ያም ሆኖ ሌሊት ብቻውን ለሚነዳ ሰው፣ ከባድ መኪና በሚበርበት መንገድ ዳር አለመቆም ከምቾት የሚበልጥ ጥቅም ነው።

ባዶውን የተነዳ ራንፍላት ቀዳዳው የሚስማር ብቻ ስለሆነ ብላችሁ ዝም ብላችሁ አታስለጥፉት። አስፈትታችሁ ውስጡን በባትሪ እዩ። እንደ ተፈጨ ቡና ያለ ጥቁር ብናኝ ከተጠራቀመ፣ ወይም የውስጥ ጎኑ ዙሪያውን ተፍቆ ከታየ ያ ጎማ አልቆለታል። ምንም ምልክት ባይታይም አንዳንድ አምራቾች ጥገናን ጨርሶ ይከለክላሉ፤ አንዳንዶቹ ከፍተሻ በኋላ ይፈቅዳሉ። ዋጋ ስታነጻጽሩ ይህንንም ቁጠሩ።

3. ቸርኬውንና እግሩን አስፈትሹ

መኪናዋ መሪ የምትስብ፣ የመንገዱን ቦይ ተከትላ የምትሄድ ከሆነ ጎማው ላይ ብቻ አትፍረዱ። የፊት እግር ጎሚኒ ያለቀባት መኪና አዲስ ተራ ጎማ ቢገባላትም ያው ናት፤ በመጀመሪያ ጎሚኒውና ዊል አላይመንቱ ይታዩ።

ቸርኬውን በተመለከተ፣ ራንፍላት ጉድጓድ ሲመታ እምብዛም ስለማይለጠጥ ኃይሉ ወደ ብረቱ ይሄዳል። ስንጥቁ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በውስጠኛው ጠርዝ፣ ከውጭ በማይታይበት በኩል ነው። ጎማው ሲፈታ ያንን ጠርዝ በጨርቅ ጠርጋችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ። ለራንፍላት የተሠራ ቸርኬ ተራ ጎማ ይቀበላል። ተገላቢጦሹ ግን አይመከርም፤ ባዶው ጎማ ከቸርኬው እንዳይወጣ የሚይዘው ከፍ ያለ ጉብታ ተራው ቸርኬ ላይ የለም።

4. ተራ ጎማ ከመረጣችሁ መጀመሪያ ዕቃውን ግዙ

ጎማው ተገጥሞ፣ ዕቃው «በሚቀጥለው ወር» ከተባለ መንገድ ላይ መቅረት ይመጣል። የሚያስፈልገው ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር፣ የቀዳዳ መሰኪያ ዕቃ (መሞረጃ፣ መርፌና ሙጫ የተቀባ የላስቲክ ገመድ)፣ ፒንሳ፣ ጓንት፣ ባትሪና የንፋስ መለኪያ ነው። ርካሽ ኮምፕሬሰር ገና ሳይሞላ ግሎ ይቆማል። ቤት በር ላይ አንዱን ጎማ ወደ 20 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ልክ) አውርዳችሁ መልሳችሁ ሙሉት። የኮምፕሬሰሩ ገመድ የኋላ ጎማ ድረስ ካልደረሰ፣ ወይም በአሥር ደቂቃ ካልሞላ መልሱት።

ሚስማር ስታዩ ለመንቀል አትቸኩሉ። በመጀመሪያ ንፋስ ሙሉ። የሚገባው ከሚወጣው ከበለጠና ጎማው ከቆመ ሚስማሩን እዚያው ትታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎሚስታ ሂዱ። ካልቆመ ግን መሰካት ነው። ዜድ4ን በመሰሉ ዝቅ ባሉ መኪኖች ጎማውና መከላከያው መካከል እጅ እንኳ በቅጡ ስለማይገባ የመርፌው እጀታ ይያዛል። የፊት ጎማ ከሆነ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሩት። የኋላ ከሆነ ቀዳዳው ከጎማው በስተኋላ፣ ከመከላከያው በታች እስኪታይ መኪናውን ገፋ ገፋ አድርጉ።

ሚስማሩ የገባበትን አቅጣጫ ልብ በሉ፤ አብዛኛው ሚስማር ዘሞ ነው የሚገባው። መሞረጃውን በዚያው ዝመት አስገብታችሁ ደጋግማችሁ ሞርዱ። ቀጥ አድርጎ የሞረደ ሰው ሁለተኛ ቀዳዳ ከፈተ ማለት ነው፤ የገባው ገመድም አይዘጋለትም። ገመዱን መርፌው ዓይን መሃል ላይ አድርጉና ሁለቱ ጫፎች አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውጭ እስኪቀሩ ግፉት፤ ከዚያ መርፌውን ሳታዞሩ በአንድ ጊዜ ሳቡ። ትርፉን ቁረጡ፣ ንፋስ ሙሉ፣ ምራቅ ወይም ውሃ አድርጉበት። አረፋ ካልወጣ ይዟል። ይህ ጎሚስታ ጋ መድረሻ ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ጥገና ጎማው ተፈትቶ ቀዳዳው ተሞልቶ ከውስጥ የሚለጠፈው ነው። እሱም መንገድ የሚረግጠው ፊት ላይ ላለ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ለማይሰፋ ቀዳዳ ብቻ ይሠራል። ጎኑ ከተቀደደ ገመድም ፈሳሽም ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚጭን መኪና ደውላችሁ አስመጡ።

በባልቦላ የሚገባውን ማሸጊያ ፈሳሽ የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት። ጎማውን ከውስጥ ያጨማልቃል፣ ንፋሱን የሚለካውን ሴንሰር ሊደፍን ይችላል፣ ጎሚስታውም ሳይነገረው ሲፈታ ፊቱ ላይ ይረጫል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቀን ካለፈ ጣሉት።

5. ምርጫው

ከተማ ውስጥ ለሚነዳ፣ የሚጭን መኪና ደውሎ ለሚያገኝ ሰው ተራ ጎማ ከነዕቃው ይሻላል። ፋብሪካዎቹም መኪናው በደንብ እንዲነዳ ሲፈልጉ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የዜድ4 ፈጣኑ ዓይነት የሆነችው የ2006 ዜድ4 ኤም የወጣችው በተራ ጎማ፣ ከማሸጊያ ፈሳሽና ከኮምፕሬሰር ጋር ነበር። ሸቭሮሌም በ1997 ኮርቬትን ስኮርት ጎማ አስቀርቶ በራንፍላት ሲያወጣት፣ የኮርቬት ፈጣኑን ዓይነት፣ የ2001ዋን ዜድ06 ግን በቀላል ተራ ጎማ ነበር የላካት። ሁልጊዜ ሌሊት ረጅም መንገድ የሚነዳ፣ ወይም መንገድ ዳር ተንበርክኮ ሚስማር የማይነቅል ሰው ራንፍላቱን ይያዝ።

6. ማስገጠም

የራንፍላት ጎን ደረቅ ስለሆነ ረዳት ክንድ ያለው ማሽን ይፈልጋል። አዲስ አበባም ይሁን ሌላ ቦታ በብረት ማንሻ ታግሎ ለሚፈታ ጎሚስታ አትስጡ፤ የጎማው ከንፈር ይቀደዳል፣ ቸርኬው ይፋቃል። ከባልቦላው ጋር የተያያዘ ሴንሰር ካለ ባልቦላው በየት በኩል እንደሆነ ቀድማችሁ አሳዩት።

ንፋሱን ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ በሹፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ልክ ሙሉ። የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ 1 ፒ ኤስ አይ ያህል ስለሚወርድ ክረምት ሲገባ መልሳችሁ ለኩ። የባዶ ጎማ ማስጠንቀቂያው የጎማዎቹን ዙረት በማነጻጸር የሚሠራ ከሆነ እንደገና የሚጀመረው ንፋሱ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ነው። ቀድማችሁ ከነካችሁት የተዛባውን ልክ ትክክል ነው ብሎ ይይዛል፤ እውነተኛው ቀዳዳ የመጣ ቀንም ላያስጠነቅቃችሁ ይችላል።