ከባድ ተሳቢ ለሚጎትት ፒክአፕ ካምቢዮ እንዴት ይመረጣል?

ፒክአፕ ሲገዛ ወሬው ሁሉ ስለ ሞተሩ የፈረስ ጉልበት ነው። ከባድ ተሳቢ ከኋላ ሲታሰር ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ካምቢዮው ነው፤ ገዳዩም ሙቀት። የማርሽ ብዛቱም፣ የዲፈረንሻሉ ሬሾም (ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ሻፍት ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየው ቁጥር)፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ስፋትም መለካት ያለባቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ካምቢዮ ያን ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት ሲወጣ ምን ያህል ይሞቃል?

1. ክብደቱን በሚዛን ይለኩ

በግምት አይሆንም። ተሳቢውን እንደወትሮው ጭነው፣ ነዳጅ ሞልተው፣ ሰውና ዕቃ እንዳለ የመኪና ሚዛን ላይ ይውጡ። የፒክአፑና የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት፣ ተሳቢው ብቻውን ያለው ክብደት፣ ተሳቢው በመንጠቆው ላይ የሚጥለው ክብደት፤ እነዚህን ሦስቱን ይመዝግቡ። የመጨረሻው ከኋላ በኳስ ለሚታሰር ተሳቢ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ጭነት ሳጥኑ ውስጥ ለሚታሰር (ጉዝኔክ ወይም ፊፍዝ ዊል) ከ15 እስከ 25 በመቶ መሆን አለበት። 6,000 ኪሎ የሆነ ተሳቢ በኳስ ቢታሰር ከ600 እስከ 900 ኪሎ ፒክአፑ ላይ ይጥላል ማለት ነው።

ጠቅላላውን ፋብሪካው ከፈቀደው ጥምር ክብደት ጋር ያነጻጽሩ። መጽሐፉ በፓውንድ ከሆነ በ0.4536 ያባዙት። በየሳምንቱ የሚጎትት ሰው ከተፈቀደው ቢያንስ 15 በመቶ ትርፍ ቢተው እንመክራለን፤ ገደቡ ላይ የሚሠራ ካምቢዮ ለሞቃት ቀንና ለረጅም ዳገት የሚተርፈው አቅም የለውም።

2. ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን አባዝተው ይዩ

ካምቢዮን ብቻውን ማወዳደር ያሳስታል። ተሳቢውን ከቆመበት የሚያስነሳው የአንደኛ ማርሽ ሬሾ በዲፈረንሻሉ ሬሾ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። 1,000 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) የሚሰጥ ሞተር እንውሰድ፦

ራም ከባድ ፒክአፕ ላይ እስከ 2024 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የነበረው ባለ 6 ማርሽ 68አርኤፍኢ አንደኛው 3.23 ነው። ከ3.73 ዲፈረንሻል ጋር 12.05 ይሆናል፤ በግጭት የሚጠፋውን ሳንቆጥር ጎማው ጋ 12,050 ኒውተን ሜትር ገደማ ይደርሳል። እዚያው ራም ላይ የነበረው ሌላው ባለ 6 ማርሽ፣ አይሲን ኤኤስ69አርሲ፣ አንደኛው 3.75 ነው፤ ከ4.10 ጋር 15.38 ይመጣል። ከ2020 ጀምሮ በሼቭሮሌት ሲልቨራዶና በጂኤምሲ ሲየራ ባለ ናፍጣ ኤችዲ (ለከባድ ሥራ የተሠሩ) ፒክአፖች ላይ የገባው ባለ 10 ማርሽ አሊሰን አንደኛው 4.54 ስለሆነ በ3.42 ዲፈረንሻል ብቻ 15.53 ያወጣል።

የማርሽ ብዛት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ባለ 10 ማርሹ እንደ 4.10 እያስነሳ፣ ሜዳ ላይ ግን ሞተሩን ያሳርፋል። ዙሪያው 2.5 ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በደቂቃ 667 ጊዜ ይዞራል። ይህን በዲፈረንሻሉና በመጨረሻው ማርሽ (በአይሲንም በአሊሰንም 0.63) ሲያባዙት የሞተሩን ዙር ያገኛሉ፦ በ4.10 ወደ 1,720፣ በ3.42 ወደ 1,440። ባዶ ሲሄዱ ሁለተኛው ነዳጅ ይቆጥባል። ጭነው ሲሄዱ ግን 1,440 ለብዙ ናፍጣ ሞተሮች ዝቅ ያለ ስለሆነ ካምቢዮው አንድ ወይም ሁለት ማርሽ መውረድ አለበት፤ ማርሾቹ የተቀራረቡ በመሆናቸው ያለ ጣጣ ይወርዳል። ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ከያዙ ከ6,000 ኪሎ በላይ አዘውትሮ ለመጎተት 3.42ን ይተዉትና ከ3.73 በላይ ይፈልጉ።

3. አውቶማቲክ ወይስ ማንዋል?

ለአብዛኛው ሰው አውቶማቲክ። ቶርክ ኮንቨርተሩ (በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ኃይሉን በዘይት የሚያስተላልፈው ክፍል) መኪናው ሲነሳ የሞተሩን ቶርክ እስከ ሁለት እጥፍ ገደማ ያበዛል፣ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳትም ፍሪሲዮን አይበላም። ፋብሪካዎቹም ሙሉውን ጉልበት ለአውቶማቲኩ ነበር የሚሰጡት፦ በ2018ቱ ራም የከሚንስ ሞተር ከማንዋል ጋር 895 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ከአይሲን ጋር እስከ 1,261 ነበር። ያ ዓመት በራም ከባድ ፒክአፕ ላይ ማንዋል የተሸጠበት የመጨረሻው ዓመት ነው፤ ፎርድ ሱፐር ዲውቲ ከ2010 በኋላ ትቶታል። ስለዚህ ማንዋል ሲባል ያገለገለ መኪና ነው የምናወራው።

ማንዋል የሚያዋጣው ዝግ ብሎ በሚሠራ ሥራ ላይ፣ ፍሪሲዮን በሚያውቅ ሹፌር እጅ ነው። ከባድ ተሳቢ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ማስገባት ፍሪሲዮን በአንድ ቀን ያቃጥላል። ባለ ሁለት ክብደት ቮላኖ ያላቸው ላይ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ሲደክም ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ያንኳኳል። በአንድ ወጥ ቮላኖ መቀየር ጠንካራ መፍትሔ ነው፤ በፎሌ ቆሞ ካምቢዮው ቢንሻሿ ግን አይደንግጡ።

የቆየ ዶጅ ላይ ኤንቪ4500 የሚባለውን ባለ 5 ማርሽ ማንዋል ካገኙ አምስተኛውን በደንብ ይፈትሹ። ዋናው ሻፍት ጫፍ ላይ አምስተኛ ማርሽን የሚይዘው ዳዶ በናፍጣ ሞተሩ ንዝረት ይላላል፤ ማርሹም ከጥርሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ዘንጉ አምስተኛ ላይ ይገባል፣ መኪናው ግን አይሄድም፤ አንደኛ እስከ አራተኛ ደህና ናቸው። በዝቅተኛ ዙር በአምስተኛ ዳገት መግፋት ያፋጥነዋል።

4. ከአውቶማቲኮቹ የትኛው?

68አርኤፍኢ ለመካከለኛ ተሳቢና ፋብሪካው በሰጠው ጉልበት ለሚሠራ መኪና ይበቃል። የሞተሩ ፕሮግራም ተነክቶ ጉልበት ከተጨመረ ግን የኦቨርድራይቭ (ሬሾአቸው ከ1 በታች የሆነ የላይኞቹ ማርሾች) ፍሪሲዮኖቹና ኮንቨርተሩ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ተነክቶ የነበረን መኪና ብንተወው ይሻላል እንላለን። አይሲን ማርሽ ሲቀይር ደረቅ ያለ ነው፣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ (3.75 ወደ 2.00) የዙሩ መውደቅ ይሰማል፤ ለከባድ ጭነት ግን የተሠራ ነው። ከ2001 ጀምሮ የነበረው አሊሰን 1000 ባለ 5 ማርሽ ነበር፣ በ2006 ስድስተኛ ተጨመረለት። ከውጭ የሚፈታ ማጣሪያ ስላለው ለጥገና ይመቻል። ከ2011 የፎርድ 6አር140ም አንደኛው 3.97 ስለሆነ በደንብ ያስነሳል።

ክሬን፣ ፓምፕ ወይም ገልባጭ ሳጥን በፒቲኦ (ከካምቢዮው ኃይል ወስዶ ሌላ መሣሪያ በሚያንቀሳቅስ ማሰሪያ) የሚያሠሩ ከሆነ ይህ ምርጫውን ይቆርጠዋል፦ አይሲንና አሊሰን 1000 ማሰሪያ አላቸው፣ 68አርኤፍኢ የለውም።

5. ማቀዝቀዣውንና ዘይቱን አብረው ይግዙ

የካምቢዮ ዘይት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ጤነኛ ነው። በሥራ ላይ የሚሠራበት ስሌት ከ80 በላይ በየ11 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይላል፤ በ113 ዲግሪ አንድ ስምንተኛው ቀረ ማለት ነው። የሙቀት መለኪያ ከሌለ ያስገጥሙ። ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ሲታሰር ዘይቱ መጀመሪያ በራዲያተሩ፣ ከዚያ በአዲሱ ማቀዝቀዣ አልፎ ወደ ካምቢዮ ይመለስ።

ተሳቢ ሲታሰር ቶው/ሀውል የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። ማርሽ እንዳያመላልስና ኮንቨርተሩ ቶሎ እንዲቆልፍ (ሞተሩንና ካምቢዮውን ያለ መንሸራተት በቀጥታ እንዲያያይዝ) ያደርጋል፤ ሙቀቱ የሚመጣው ሳይቆልፍ ሲንሸራተት ነውና። ሙቀቱ 120 ካለፈ ቆመው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርገው፣ በፎሌ ሞተሩን 1,200 ዙር ላይ ያቆዩት። ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ትኩሱን ዘይት ባለበት ያስቀረዋል።

ዘይት አይደባለቅ፦ 68አርኤፍኢ ኤቲኤፍ+4፣ 6አር140 መርኮን ኤልቪ ይፈልጋል፤ ባለ 10 ማርሾቹ ከሁለቱም ይበልጥ የቀጠነ ይወስዳሉ። ከባድ ሥራ ላይ በ50,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየር። ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት ቋት ሲፈታ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት እንደማይወርድ አይርሱ።

6. ያገለገለ ከሆነ እንዲህ ይሞክሩት

ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ያንጠባጥቡ። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ፍሪሲዮኖቹ አልቀዋል። ከዚያ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በመጨረሻው ማርሽ እየሄዱ፣ ነዳጁን ሳይለቁ ፍሬኑን በግራ እግር ነካ ያድርጉ፦ ኮንቨርተሩ ተቆልፎ ከነበረ ይለቅና ዙሩ ጥቂት መቶ ይጨምራል። ምንም ካልተነቃነቀ ቀድሞውንም አልቆለፈም። ማንዋል ከሆነ በ60 ኪሎ ሜትር በአራተኛ ነዳጁን እስከ ታች ይርገጡ፤ ዙሩ ፍጥነቱን ጥሎ ከወጣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

ሻጩ "ካምቢዮው ታድሷል" ካለ ደረሰኙ ላይ ማቀዝቀዣው መቀየሩን ይፈልጉ። ከተበላሸው ካምቢዮ የወጣ የብረት ፍርፋሪ በቀጫጭን ቱቦዎቹ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል፤ በመታጠብ ብቻ አይወጣም፣ ቀስ እያለም ወደ አዲሱ ይገባል።