የሳይንስ ልቦለድን ለኮሌጅ ኮርስ እንዴት እናንብብ?

መጽሐፍ ማግኘቱ ቀላሉ ሥራ ነው። የቆዩት ድርሰቶች የቅጂ መብታቸው ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ዋይፋይ ስታገኙ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ደሴ ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ አትጨነቁም። ማስመር የምትወዱ የምትጽፉበትን ምዕራፍ ብቻ ፕሪንት አድርጉ። ሙሉውን ማሳተም ብር ማባከን ነው።

በአጭሩ ጀምሩ። የኤች ጂ ዌልስ «ዘ ታይም ማሽን» (1895) በሁለት ቀን ያልቃል። የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» (1818) ይቀጥል። ከአሁኖቹ የናይጄሪያ ዝርያ ያላት አሜሪካዊት ንኔዲ ኦኮራፎር «ቢንቲ» (2015) አጭርም ጥሩም ነው።

መጀመሪያ ለታሪኩ፣ ከዚያ እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡ። ማጠቃለያ ብቻ አንብቦ፣ ወይም ቻትጂፒቲን ጠይቆ አሳይመንት የሚጽፍ ተማሪ መምህሩ ሁለተኛውን ጥያቄ ሲያነሳ ያልቅለታል።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ንባብ ነው። ሃያሲው ዳርኮ ሱቪን «ኖቨም» የሚለውን ነገር ፈልጉ፦ በእኛ ዓለም የሌለ፣ ታሪኩ ግን በሙሉ የቆመበት አዲስ ነገር። አብዛኛው ተማሪ ዓይኑ መሣሪያው ላይ ይቀራል። «ታይም ማሽን» ላይ በጊዜ ውስጥ የሚያጓጉዘው ማሽን ነው ይላል። ማሽኑ ግን ተጓዡን 802,701 ዓ.ም. ካደረሰው በኋላ ብዙም ሥራ የለውም። ክብደቱ ያለው የሰው ዘር ለሁለት መከፈሉ ላይ ነው፦ ከላይ ሥራ የማያውቁት ኤሎይ፣ ከመሬት በታች ማሽን የሚያንቀሳቅሱት ሞርሎክ። ዌልስ ሥነ ሕይወት ተምሯል፤ የዘመኑን እንግሊዝ ሀብታምና ሠራተኛ በዝግመተ ለውጥ ዓይን እስከ ጥጉ ወሰደው።

ይህ ካልገባችሁ እዚሁ ሞክሩት። ደሴ ገብታችሁ ወዲያው ኮምቦልቻ የምትወጡበት በር አለ እንበል። በሩ እንዴት ይሠራል የሚለውን ተዉት። የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚወርደው የሚኒባስ ሹፌርና ረዳቱ ምን ይበላሉ? የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ደሴ ማደር ከቻለ የቤት ኪራይ የት ይደርሳል? ኮምቦልቻ ካምፓስ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪስ ዶርም ይፈልጋል? ዋናው ደግሞ፣ ቁልፉ ማን እጅ ነው? መጽሐፉንም እንዲሁ ጠይቁት፦ ይህ ነገር ሲመጣ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተገፋ?

ስትጽፉ አንድ ሐሳብ ያዙ፤ ታሪኩን መተረክ ከአንድ አንቀጽ አይለፍ። «ደራሲው የዛሬን ቴክኖሎጂ ቀድሞ ተነበየ» የሚለውን ድምዳሜ እኔ በበኩሌ አልወደውም። የቼክ ደራሲው ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው «አር ዩ አር» ተውኔት ሮቦት የሚለውን ስም ለዓለም አስተዋወቀ፤ የእሱ ሮቦቶች ግን ብረት አይደሉም፣ ሥጋ ለበስ ናቸው። በትንቢት ከለካነው ስቷል። ስለ ጉልበት ብዝበዛ ያነሳው ጥያቄ ግን ዛሬም አልተመለሰም።

ከስልክ ያነበባችሁት የገጽ ቁጥር ስለሌለው የምዕራፉን ቁጥር ጥቀሱ። ጥቅሱን ያገኛችሁ ዕለት ጻፉት፤ በማስረከቢያው ዋዜማ ፍለጋው አያልቅም።