ከሊግ ውጪ ያለ ክለብ ይዞ ኤፍ ኤ ካፕን ከመጀመሪያው ማጣሪያ እስከ ዌምብሌይ እንዴት መከተል ይቻላል

ብዙዎቻችን የእንግሊዙ ኤፍ ኤ ካፕ ትዝ የሚለን በገና ሰሞን፣ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ወደ ውድድሩ በሚገቡበት በሦስተኛው ዙር ነው። ውድድሩ ግን ያኔ ከተጀመረ አምስት ወር ሆኖታል፤ ከተመዘገቡት ከ700 በላይ ክለቦች መካከልም አብዛኞቹ ተሰናብተዋል። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ ያንን ያላየነውን ክፍል ለማየት የሚረዳ ነው። በመጀመሪያው ማጣሪያ አንድ ትንሽ ክለብ ይመርጣሉ፤ ክለቡ ሲሸነፍ ያሸነፈውን ይይዛሉ፤ እርሱም ሲወድቅ የጣለውን ይከተላሉ። ውድድሩ ጥሎ ማለፍ ስለሆነ ክሩ አይበጠስም፤ የጀመሩት ከየትም ቢሆን መጨረሻው በዌምብሌይ ስታዲየም የሚደረገው የፍጻሜው ጨዋታ ነው።

በመጀመሪያ የእርከኖቹን አቀማመጥ ይወቁ። "ከሊግ ውጪ" ወይም በተለምዶ "ኖን ሊግ" መባል ክለቡ የሚጫወትበት ሊግ የለውም ማለት አይደለም። ስያሜው የመጣው በ1888 ከተመሠረተው ፉትቦል ሊግ ውጪ መሆንን ከማመልከት ነው። ዛሬ በፕሪሚየር ሊጉ 20፣ ከእርሱ በታች ባሉት ሦስት ዲቪዚዮኖች ደግሞ 72 ክለቦች አሉ፤ ከእነዚህ 92 ክለቦች በታች ያለው ሁሉ ኖን ሊግ ነው። አምስተኛው እርከን 24 ክለቦች ያሉት ናሽናል ሊግ ሲሆን፣ ስድስተኛው በሰሜንና በደቡብ ተከፍሎ 48 ክለቦችን ይይዛል፤ ከዚያ በታች ያሉት ሊጎች ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አካባቢያቸው እየጠበበ ይሄዳል። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። እንግሊዞች የኖን ሊግን ደረጃ "ስቴፕ" እያሉ ከአንድ ጀምረው ስለሚቆጥሩ፣ "ስቴፕ 4" የሚል ሲያዩ ክለቡ ከላይ ሲቆጠር በስምንተኛው እርከን ላይ ነው። በተሰጠው ቁጥር ላይ አራት መደመር ብቻ ነው።

ቀጥሎ የዙሮቹን ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ያስፍሩ። መነሻው በኦገስት፣ በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ አካባቢ የሚደረገው "ኤክስትራ ፕሪሊሚነሪ ራውንድ" ነው። ከዚያ "ፕሪሊሚነሪ ራውንድ"፣ ከእርሱም በኋላ አራት የማጣሪያ ዙሮች ይከተላሉ። የስድስተኛው እርከን ክለቦች የሚገቡት በሁለተኛው ማጣሪያ፣ የናሽናል ሊጎቹ ደግሞ በአራተኛው ነው። ከአራተኛው ማጣሪያ 32 ክለቦች አልፈው ከሦስተኛውና ከአራተኛው እርከን ከሚመጡት 48 ክለቦች ጋር በኖቬምበር መጀመሪያ የአንደኛውን ዋና ዙር ይጫወታሉ። ከሁለተኛው ዋና ዙር የሚተርፉት 20ዎቹ በጃንዋሪ ከ44ቱ የፕሪሚየር ሊግና የቻምፒዮንሺፕ (የሁለተኛው እርከን) ክለቦች ጋር ይቀላቀላሉ። ከታችኛው ጫፍ የተነሣ ክለብ ዋንጫውን ለማንሣት 14 ዙሮችን ማለፍ አለበት ማለት ነው። ይህን ያደረገ የለም። ፉትቦል ሊግ ከተመሠረተ ወዲህ ከሊግ ውጪ ሆኖ ዋንጫውን የወሰደው በ1901 ቶተንሃም ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በጊዜው ጠንካራ በነበረው በሳውዘርን ሊግ የሚጫወት ክለብ እንጂ የሰፈር ቡድን አልነበረም።

ሦስተኛው ሥራ ክለቡን መምረጥ ነው። በእኔ አስተያየት ስሙን የሚያውቁትን ክለብ ባይመርጡ ይሻላል፤ ሁለቱንም ቡድኖች የማያውቁበትን አንድ ጨዋታ ከድልድሉ ላይ ወስደው አሸናፊውን መጠበቅ የበለጠ ያስደስታል። በእንግሊዝ የሚኖሩ ከሆነ ግን ምርጫው ቀላል ነው፤ በአቅራቢያዎ ያለውን ሜዳ ይምረጡና በአካል ይሂዱ። በእነዚህ ዙሮች ተመልካቹ በሜዳው ዳር አጥር ተደግፎ ስለሚቆም፣ ተከላካዩ በረኛውን ሲቆጣ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል።

ሰዓቱን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ጨዋታዎች ቅዳሜ በእንግሊዝ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጀመራሉ። በኦገስትና በሴፕቴምበር ይህ በአዲስ አበባ 11 ሰዓት ነው። እንግሊዞች በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ግን፣ ከአንደኛው ዋና ዙር ጀምሮ ያው ጨዋታ በእኛ 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ይህን የዘነጋ ሰው ውጤት እጠብቃለሁ ብሎ ስልኩን ሲከፍት የዕረፍት ሰዓት ላይ ይደርሳል። የማጣሪያ ጨዋታዎችን በቴሌቪዥን የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ስለሆነ፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርን ድረ ገጽና የክለቡን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ አስቀድመው ቢይዙ ጥሩ ነው።

የእጣ ድልድሉን ማንበብም ይለመዳል። እያንዳንዱ ክለብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ኳሱ ቀድሞ የወጣለት ባለሜዳ ይሆናል። በማጣሪያዎቹ ጉዞው እንዳይረዝም ክለቦቹ በአካባቢ ተከፋፍለው ይደለደላሉ፤ ከዋናው ዙር ጀምሮ ግን ማንም ከማንም ሊገናኝ ይችላል። ትንሹ ክለብ በሜዳው ቢጫወት ይመርጣል ብለው አያስቡ። በዋናዎቹ ዙሮች ወጪው ከተነሣ በኋላ ከመግቢያ ገቢው 45 በመቶው ለባለሜዳው፣ 45 በመቶው ደግሞ ለእንግዳው ስለሚደርስ፣ ብዙ ሺህ ሰው በሚይዝ ስታዲየም መሸነፍ ለክለቡ ገንዘብ ያዥ ከድል የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። አሰልጣኙ ግን ጭቃማና ጠባብ ሜዳውን ይመርጣል፤ ምክንያትም አለው። በ1949 ዮቪል ሰንደርላንድን 2 ለ 1 ያሸነፈው ተዳፋት በነበረ ሜዳው ላይ ነው። በ1972 ሄርፎርድ ዩናይትድ ኒውካስልን የጣለውም በሜዳው በኤድጋር ስትሪት ጭቃ ውስጥ ነበር፦ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት 1 ለ 0 እየተመራ ሳለ ሮኒ ራድፎርድ ከሩቅ መትቶ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪ ሰዓትም ተቀይሮ የገባው ሪኪ ጆርጅ ሁለተኛውን አስቆጠረ።

ያንን ጨዋታ ያስገኘው በኒውካስል ሜዳ 2 ለ 2 የተጠናቀቀው የመጀመሪያው ግጥሚያ መሆኑንም ልብ ይሏል። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር አይደገምም። ከ2024-25 የውድድር ዘመን ጀምሮ በዋናዎቹ ዙሮች ድጋሚ ጨዋታ ቀርቶ፣ አቻ የተለያዩ ቡድኖች በዚያው ዕለት በተጨማሪ ሰዓትና በመለያ ምት ይለያያሉ። ለአንድ ትንሽ ክለብ ከትልቅ ቡድን ጋር ሁለተኛ ቀን መጫወት የዓመት በጀት ይሸፍን ስለነበር፣ ውሳኔው ብዙ ቅሬታ ማስነሣቱ አያስገርምም።

አሁን ደብተር ያዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ዙር ቀኑን፣ ባለሜዳውን፣ ውጤቱንና የሁለቱን ክለቦች እርከን የሚጽፉበት አራት ዓምድ ይበቃል። የእርከኑ ዓምድ አይዘለል፤ 1 ለ 0 የሚለው ውጤት ትርጉም የሚኖረው እዚያ ሲነበብ ነው። በማጣሪያዎቹ ላይ አንዳንድ ጊዜ ያለ ደንብ ተጫዋች ያሰለፈ ክለብ ካሸነፈ በኋላ ይሰረዝና ተሸናፊው ይመለሳል፤ ያኔ ጽሑፍዎን ሰርዘው ወደ ተመለሰው ክለብ ይዙሩ። የስም ለውጥም ያጋጥማል። ለምሳሌ ሄርፎርድ ዩናይትድ በ2014 ፈርሶ በዚያው ሜዳ የሚጫወተው የአሁኑ ክለብ ሄርፎርድ ኤፍ ሲ ይባላል።

ክሩ ምን ያህል እንደሚወስድ ለማየት የ2020-21ን ደብተር እንግለጥ። በስምንተኛው እርከን የሚጫወተው፣ ሊቨርፑል አጠገብ ክሮስቢ የሚገኘው ማሪን፣ የአራተኛ እርከኑን ኮልቼስተርን በመለያ ምት፣ ሃቫንት ኤንድ ዋተርሉቪልን ደግሞ በተጨማሪ ሰዓት በተቆጠረ ጎል ጥሎ ሦስተኛው ዙር ደረሰ። እጣው ቶተንሃምን በሜዳው አመጣለት። በኮቪድ ምክንያት ተመልካች መግባት ስላልተፈቀደ፣ ጎረቤቶች ከሜዳው ጋር ከሚዋሰነው ጓሯቸው አጥር ላይ ሆነው ተመለከቱ፤ ክለቡም ሰው የማይገባበትን ትኬት በኢንተርኔት አቅርቦ ከ30,000 በላይ ሸጠ። ጨዋታው 5 ለ 0 አለቀና ክሩ ወደ ቶተንሃም ዞረ። ቶተንሃም ዋይኮምብን 4 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ በኤቨርተን 5 ለ 4 ተሸነፈ፤ ኤቨርተንን በሩብ ፍጻሜው ማንችስተር ሲቲ 2 ለ 0፣ ሲቲን በግማሽ ፍጻሜው ቼልሲ 1 ለ 0 አሰናበቱ። የመጨረሻው መስመር ሜይ 15 ቀን 2021 ዌምብሌይ ላይ ተጻፈ፦ ሌስተር 1፣ ቼልሲ 0፤ ጎሉን ያስቆጠረው ቲለማንስ፤ ለሌስተርም የመጀመሪያው የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫ።