ክረምት ሳይገባ፦ የገጠር ግቢ ሴፕቲክ ታንክ እንዴት ይያዛል፣ እንዴት ይጠገናል

በጎንደር ዙሪያ ገጠር ቤት የሰራ ሰው ጣሪያውን ያያል፣ ሮቶውን ያያል፣ አጥሩን ያያል። ሴፕቲክ ታንኩ ግን መሬት ውስጥ ስለሆነ ይረሳል። የሚታወሰው ሐምሌ ላይ፣ ሽንት ቤቱ አልወርድ ብሎ ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው፤ መምጠጫ መኪና አይገባም። አፈሩም ውሃ ጠግቦ አንዲት ጠብታ አይቀበልም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ስራ በበጋው፣ ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ ግንቦት አጋማሽ ጨርሱት።

አንድ ነገር አስቀድመን እንግባባ። ደህና የሆነ ሴፕቲክ ታንክ ሁልጊዜ በፈሳሽ የተሞላ ነው። ከባዱ ነገር ከታች ይዘቅጣል፤ ቅባቱና አረፋው ከላይ ይንሳፈፋል። መሃል ላይ ያለው ፈሳሽ በመውጫው ቱቦ ወደ ማስረጊያው፣ ማለትም ፈሳሹን ወደ አፈር ወደሚያሰርገው ጉድጓድ ይሄዳል። የመጨረሻውን ማጣራት የሚሰራው አፈሩ ነው። የታንኩ ዋና ስራ ዝቃጩንና ቅባቱን ይዞ ማስቀረት ነው። ዝቃጩ አልፎ ማስረጊያው ከገባ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ታንክ ይመጠጣል፤ የተደፈነ አፈር ግን በመኪና አይመጠጥም። ጥገናችን ሁሉ ይህን አፈር ለማዳን ነው።

በየግቢው «ሴፕቲክ» የሚባለው ሁሉ ሴፕቲክ እንዳልሆነም ልብ በሉ። ወለል የሌለው፣ ድንጋይ ብቻ የተደረደረበት፣ መውጫ ቱቦም የሌለው ከሆነ ተራ ጉድጓድ ነው። ስለ ደህንነትና ስለ ማስመጠጥ የምለው ለእሱም ይሰራል። ስለ መውጫና ስለ ቲ (መግቢያውና መውጫው ላይ ስለሚገጠመው የቲ ቅርጽ ቱቦ) የምለው ግን አይመለከተውም።

ከሁሉ በፊት፦ ማንም ታንክ ውስጥ አይውረድ

ይህን ደጋግሜ ብለው አይበዛም። ታንኩ ውስጥ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አለ። በትንሹ ሲሆን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ጭራሽ አይሸትም፤ ሰውየው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ሲወርድ እዚያው ይቀራል። ሊያወጣው የገባ ወንድሙም አብሮ ያልቃል። ታንኩ ተመጥጦ ባዶ ቢሆንም ያው ነው፤ ዝቃጩ ሲነካ ጋዙ ይነሳል። ሻማ ወይም ኩራዝ አውርዶ «አየር አለው ወይ» ብሎ መሞከርም ክልክል ነው። ውስጡ ሚቴን ስላለ ይቀጣጠላል። አጠገቡ ሲጋራም አይጨስ።

ክዳኑን ስትከፍቱ ሁለት ሆናችሁ ክፈቱ፤ ልጆችን አርቁ። ከከፈታችሁ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ራቅ ብላችሁ ቆዩ። አንገታችሁን አታስገቡ። ሰው ከወደቀ ተከትላችሁ አትግቡ፤ ገመድ ወርውሩለት፣ ጩኸት አሰሙ፣ እርዳታ ጥሩ። የጎማ ጓንትና ቦት ጫማ አድርጉ። ስራው ሲያልቅ እጃችሁን በሳሙና፣ መሳሪያውን በበረኪና እጠቡ።

ታንኩን ማግኘትና ማንበብ

ታንኩ የት እንደተቀበረ የጠፋባችሁ ከሆነ ከሽንት ቤቱ የሚወጣውን ቱቦ አቅጣጫ ተከተሉ፤ በብረት ዘንግ መሬቱን ቀስ ብላችሁ ውጉ። አርማታው ሲነካ ድምፁ ይለያል። ስታገኙት ከሁለት የቤቱ ማዕዘኖች ያለውን ርቀት በሜትር ለኩና ቆጣሪው ሳጥን በር ጀርባ ላይ በማርከር ጻፉት። ወረቀት ይጠፋል፤ ቤቱን የሰራው ግንበኛም ሁልጊዜ አይገኝም።

ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ የምታዩት የፈሳሹን ልክ ነው። ችግሩን የሚነግራችሁም እሱ ነው።

ፈሳሹ ከመውጫው ቱቦ የታችኛው ከንፈር ጋር እኩል ከሆነ ታንኩ ደህና ነው። ሽንት ቤቱ ግን አልወርድ ካለ፣ የተዘጋው ከቤት እስከ ታንክ ያለው ቱቦ ነው። ፈሳሹ ከመውጫው በላይ ከሆነ ችግሩ ወደ ታች ነው፤ ወይ መውጫው ተደፍኗል፣ ወይ ማስረጊያው አልቀበልም ብሏል። ፈሳሹ ከመውጫው በታች ወርዶ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ታንኩ ተሰንጥቆ ያፈሳል። ያ ፈሳሽ ወዴት እንደሚሄድ አስቡ፤ ጉድጓድ ውሃችሁ ቅርብ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትሉ ያዙት።

ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ምልክት ያዙ፦ የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ብቻ ከዘገየ ችግሩ እዚያው ሲፎኑ (ከማጠቢያው ስር ያለው ጠማማ ቱቦ) ላይ ነው። ሁሉም ባንድ ላይ ከዘገዩና ሽንት ቤቱ «ግልግል» የሚል ድምፅ ካወጣ ወደ ታንኩ ሂዱ።

ዝቃጩን በእንጨት መለካት

ቀጥ ያለ፣ 3 ሜትር ያህል የሚረዝም ባህር ዛፍ ፈልጉ። የታችኛውን 1 ሜትር በአሮጌ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሉና በሲባጎ አጥብቃችሁ እሰሩ። በመግቢያው በኩል ባለው ክፍል ቀስ ብላችሁ ወለል እስኪነካ አውርዱ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ሳታዟዙሩ አውጡ። ጨርቁ ላይ ጥቁር ሆኖ የቀረው የዝቃጩ ከፍታ ነው። ከላይ የተንሳፈፈውን የቅባት ንብርብርም ገመት አድርጉ። ሁለቱ ተደምረው ከፈሳሹ ጥልቀት ሲሶውን ካለፉ መመጠጥ አለበት። ፈሳሹ 1 ሜትር ከ50 ቢሆን፣ ዝቃጭና ቅባቱ 50 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ማለት ነው።

ለአንድ ቤተሰብ ይህ በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። ግን ዓመት ከመቁጠር በየዓመቱ በሚያዝያ መለካት ይሻላል። ጥር ላይ ሰርግ የደገሰ፣ ተዝካር ያወጣ፣ ለጥምቀት እንግዳ ያሳደረ ቤት ከጎረቤቱ ቀድሞ ይሞላበታል። ትልቅ ድግስ ካለባችሁ ለድንኳኑ ሰው ለብቻው ጊዜያዊ ደረቅ ሽንት ቤት ቆፍሩ፤ ማስረጊያውን ታድናላችሁ።

ስታስመጥጡ

መኪናው ሲመጣ በማንሆሉ (በትልቁ የክዳን አፍ) በኩል ይምጠጥ እንጂ በቲው ቱቦ በኩል አይደለም። በቲው በኩል ከሆነ ቲው ይሰበራል፣ ዝቃጩም አይወጣም። ሁለት ክፍል ካለው ሁለቱም ይመጠጡ። ግድግዳውን እንደ ድስት ፈትጎ ማጠብ አያስፈልግም። ለመጀመሪያ ጊዜ «ይጀምርለት» ብለው እርሾ ወይም እበት የሚጨምሩ አሉ። ከሰው የሚወጣው ራሱ በቂ ባክቴሪያ አለው፤ እበቱ ዝቃጭ ከመጨመር በቀር አይረባም።

ተመጥጦ እንዳለቀ ታንኩን ውሃ ሙሉበት። ባዶ ታንክ ከውጭ የሚገፋውን አፈርና ውሃ የሚመክትበት ነገር የለውም። የፕላስቲክ ከሆነ ከመሬት ውስጥ ውሃ ብድግ ሊያደርገው ይችላል፤ የብሎኬቱ ደግሞ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይገፋል።

ሹፌሩን የት እንደሚደፋው ጠይቁ። ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም አትበሉ። የአንገረብ ወንዝ ወደ መገጭ ወንዝ ይገባል፤ መገጭ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ወንዝ ዳር የተደፋው ተመልሶ የሰውና የከብት መጠጥ ነው። ትኩሱን ዝቃጭ ለጎመንና ለሰላጣ ማዳበሪያ ማድረግም የወስፋት እንቁላል መዝራት ነው።

ቲውን መቀየር

በመግቢያውና በመውጫው ላይ ያለው የቲ ቅርጽ ቱቦ ርካሽ ነው፤ ትልቁን ስራ የሚሰራው ግን እሱ ነው። የመውጫው ቲ ከተሰበረ ቅባቱ ቀጥ ብሎ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል። ብዙ ግንበኛ ጭራሽ ሳያስገባው ያልፋል፤ ከፍታችሁ እዩ።

ቲው ከክዳኑ ስር ከሆነ ከላይ ሆኖ መቀየር ይቻላል። የ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቲ ግዙ። የመግቢያው የታችኛው እግር ከፈሳሹ ወለል በታች 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውረድ። የመውጫው ጠለቅ ይበል፤ ከፈሳሹ ጥልቀት 40 በመቶ ገደማ። የሁለቱም የላይኛው አፍ ክፍት ይሁን፤ ጋዙ የሚተነፍሰው በእሱ ነው። መግቢያው ከመውጫው ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለቱንም አረጋግጡ። እኩል ከሆኑ ፍሳሹ ወደ ቤት ይመለሳል። እጅ የማይደርስበት ከሆነ፣ ወይም የውስጥ ግድግዳ ስንጥቅ መለሰን ካለበት፣ መሳሪያና ስልጠና ላለው ሰው ስጡት።

ዋልካ ላይ ያለ ቱቦ

የእኛ አገር ዋና ጠላት ይህ ነው። በበጋ ዋልካው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት ያብጣል። ቱቦውን በየዓመቱ ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ቱቦው ከታንኩ ግድግዳ ጋር በሲሚንቶ የተያያዘበት ቦታ ነው፤ ታንኩና ቱቦው እኩል አይንቀሳቀሱምና። ምልክቱ በጋ ላይ ብቻውን አረንጓዴ የሆነ የሣር መስመር ነው።

ቦታውን ሰፋ አድርጋችሁ ቆፍሩ። የተሰበረውን ቆርጣችሁ አውጡ። ከስር 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ አንጥፉ፤ ዙሪያውንም በአሸዋ ወይም በሰለክት (ዋልካ ባልሆነ የተመረጠ አፈር) ሙሉት። የቆፈራችሁትን ዋልካ መልሳችሁ ቱቦው ላይ አትጫኑት። ግድግዳው አጠገብ በሲሚንቶ ከማነቅ ጎማ ያለው ሶኬት (የቱቦ መገጣጠሚያ) አድርጉለት፤ ትንሽ ይንቀሳቀስ። ተዳፋቱ በ1 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በላስቲክ የውሃ ልክ ይለካል።

ባህር ዛፍ ቅርብ ካለ ስሩ በመገጣጠሚያው በኩል ይገባል። በሽቦ ብትጎትቱት ለአንድ ዓመት ትገላገላላችሁ እንጂ ተመልሶ ይመጣል። ዛፉን ማንሳት ወይም ቱቦውን ማዞር ነው መፍትሄው።

ማስረጊያው ሲደፈን

ሁለት ማስረጊያ ካላችሁ አንዱን ዝጉና ወራት አሳርፉት፤ ሲደርቅ አፈሩ በከፊል ይከፈታል። አንድ ብቻ ከሆነ አዲስ መቆፈር ነው። ከመቆፈራችሁ በፊት አፈሩን ፈትኑ። ማስረጊያው በሚደርስበት ጥልቀት ወለሉ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ያላት ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉባትና አሳድሯት። በማግስቱ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ጨምሩና ሰዓት ያዙ። 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀ ያ ቦታ አይሆንም። ዋልካ ሁልጊዜ ይወድቃል ማለት ይቻላል። ከፍ ያለ፣ ቀይ አፈር ያለበትን ጥግ ፈልጉ።

ጥልቅ ጉድጓድ ከመቆፈር ረዘም ያለ ቦይ ይሻላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። ከስር የታጠበ ጠጠር፣ ከላይ የተበሳሳ ቱቦ፣ እንደገና ጠጠር፣ ከዚያ ጭድ አንጥፋችሁ አፈር መልሱበት። ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ በተዳፋቱም ከጉድጓድ ውሃው ዝቅ ባለው በኩል ይሁን። የቦዩ ወለል ከክረምቱ የከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። የጉድጓድ ውሃችሁን ከፍታ ነሐሴ ላይ ብትለኩት ይህን ታውቁታላችሁ። ላዩ ላይ አውድማ አታድርጉ፣ ከብት አትሰሩ፣ የጭነት መኪና አታቁሙ፤ አፈሩ ይጠቀጠቃል።

ታንክ የሚገለው ከወጥ ቤት የሚመጣው ነው

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት አተላው ለከብት ይሂድ እንጂ ወደ ቱቦ አይደፋ። የቡና አተላም እንዲሁ። ድስት በአመድና በአሸዋ የሚፈትግ ሰው እጣቢውን ውጭ ይድፋ፤ አመድና አሸዋ አይበሰብስም፣ ታንኩ ውስጥ ወለል እየሆነ ይቆያል። የወጥ ቅባት ድስቱ ላይ እንዳለ በወረቀት ይጠረግ። ቆረቆንዳ፣ ድንጋይ፣ የደብተር ወረቀት፣ ሞዴስና ዳይፐር ሽንት ቤት አይገቡም፤ ክዳን ያለው ባልዲ አጠገቡ አስቀምጡና የሚቃጠለውን አቃጥሉ። በረኪና ለማጽዳት ትንሽ ብትጠቀሙ ጉዳት የለውም። ሙሉ ጠርሙስ መድፋት ግን ዝቃጩን የሚያበሰብሱትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

የጣሪያ ውሃ ፈጽሞ ወደ ታንኩ አይግባ። አንድ የሐምሌ ዝናብ ዝቃጩን በጥብጦ ወደ ማስረጊያው ይሰደዋል። ከክዳኑ በላይ በኩል የጎርፍ መከላከያ ቦይ ቅደዱ፤ ክዳኑ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ዙሪያው በስስ ሲሚንቶ ይለሰን። የተሰነጠቀ ክዳን ካያችሁ ዛሬውኑ እሾህ ከልሉበትና ፌሮ ያለው አዲስ አርማታ አስጥሉ። ልጅም ጥጃም ይገባበታል።

ይህ ሁሉ ሳይሰራ ክረምቱ ከደረሰባችሁ ውሃ ቆጥቡ። ልብስና ገላ ታንኩ በማያውቀው ቦታ ይታጠብ። ለጥቂት ሳምንት የሚሆን ደረቅ ሽንት ቤት ከጉድጓድ ውሃው ራቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ። መንገዱ ጠፈፍ ያለ ቀን መኪናው ከገባ ግማሹን ብቻ አስመጥጡ፤ ሙሉውን ባዶ የሚያስደርጉት መሬቱ ከደረቀ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲያ ነው።