ኤሊ ስትታመም የሚሠሩ ስህተቶች

ኤሊ ስትታመም አትጮህም። ደህና ሳለችም ግማሹን ቀን ቁጭ ብላ ነው የምታሳልፈው። ስለዚህ በሽታዋ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከጠና በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያለው ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ አካባቢ ግቢው ውስጥ ኤሊ ላለው ሰው ነው። አብዛኛው ስለ የብስ ኤሊ ነው፤ የውሃዋን አልፎ አልፎ አነሳታለሁ።

“አብሽሪ፣ ተኝታ ነው”

ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ኤሊ ደግሞ ሙቀቷን የምታገኘው ከፀሐይና ከመሬት ነው፤ የራሷ የላትም። ሐምሌ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል። ያኔ የበላችው አይፈጭም፣ በሽታ የመከላከል አቅሟም ይወርዳል። የአውሮፓ ኤሊዎች ብርዱን ለወራት ተኝተው ያሳልፉታል። ጀርባዋ የነብር ዓይነት ነጠብጣብ ያለው የምሥራቅ አፍሪካዋ ኤሊ ግን እንደዚያ አትተኛም። ሳምንት ሙሉ ካልበላች ወይ በርዷታል፣ ወይ ታማለች።

አንሷትና እዩ። ጤነኛዋ ከበድ ትላለች፣ እግሯን በኃይል ትሰበስባለች። የታመመችው እግሯ ይንጠለጠላል፤ በጠራራ ፀሐይም ዓይኗን አትገልጥም።

ቀዳሚው ሥራ ማሞቅ ነው። ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀምጧትና በአንዱ ጫፍ በኩል ከላይ አምፖል አንጠልጥሉ። አምፖሉ ሥር 32 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ይበል፣ እሷ ትምረጥ። ኤል ኢ ዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፣ ብርሃን እንጂ ሙቀት የለውም። የድሮው ዓይነት ነው የሚፈለገው። መብራት ከጠፋ ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉ። ከሰል ግን አታስጠጉባት፤ ጭሱ ለሳንባዋ ጠላት ነው።

“ጉንፋን ነው፣ ያልፋል”

ኤሊ እንደ ሰው በደንብ ማሳል አትችልም። ሳንባዋ ውስጥ የተጠራቀመውን አክታ አውጥታ መጣል ያቅታታል። ስለዚህ አፍንጫዋ አረፋ ካወጣ፣ አፏን ከፍታ አንገቷን እየዘረጋች ከተነፈሰች፣ ወይም የውሃዋ ኤሊ አንድ ወገን አዘንብላ ከተንሳፈፈች የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት አያድናትም። እያሞቃችሁ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

የበግ መድኃኒት መስጠት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ወሎ የበግ አገር ነው፤ አይቨርሜክቲን የማያውቅ አርቢ የለም። ለበግ የጥገኛ ትል ጥሩ መድኃኒት ነው። ኤሊን ግን ሽባ ያደርጋታል፣ ይገድላታልም። መጠኑን ቀንሼ ልስጣት ማለትም መፍትሔ አይደለም። ኤሊን ከትል ለማጽዳት ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ የሚመርጠው ሐኪሙ ነው።

የእንስሳት ክሊኒክ ባለሙያዎቻችን ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ከብት፣ በግ፣ ፍየልና በቅሎ ነው። ኤሊ ይዞ የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። ስለዚህ “ዶክተር፣ አይቨርሜክቲን ለኤሊ አይሆንም ይባላል፤ ቢያረጋግጡልኝ” ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። መርፌ ካስፈለገም ከፊት እግሯ በኩል ቢሆን ይመረጣል። ከኋላ በኩል ያለው ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በኩላሊት ሊያልፍ ስለሚችል መድኃኒቱ ኩላሊቷን ሊጎዳ፣ ወይም ሳይሠራ ሊወጣ ይችላል።

ስትሄዱ ክብደቷን በግራም ጽፋችሁ ያዙ። የሱቅ ሚዛን ይበቃል። በየሳምንቱ የምትመዝኗት ከሆነማ ዓይናችሁ ያላየውን መቀነስ ቁጥሩ ቀድሞ ይነግራችኋል።

በግድ ማጉረስ

ሰውነቷ የቀዘቀዘ ኤሊ ብትጎርስም ምግቡ ሆዷ ውስጥ ይበሰብሳል። መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ውሃ፣ ምግብ በመጨረሻ። ለብ ያለ ውሃ አገጯ ድረስ አድርጋችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስቀምጧት። ጠጥታ ትወጣለች፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ትጸዳዳለች፣ አትደንግጡ።

እንጀራ፣ ዳቦና ወተት

የየብስ ኤሊ ምግብ ሣርና ቅጠል ነው። እሾሁ የተነሳለት የበለስ ቅጠል ይስማማታል፤ በለስ ደግሞ አጥር ላይ ሞልቷል። ቆስጣ አታብዙባት፣ ካልሲየሙን ይይዝባታል። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭታችሁ ቅጠሉ ላይ ነስንሱ። ለአቅመ ኤሊ የደረሰች ሆና ጀርባዋ ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ካልሲየም ወይም ፀሐይ ጎድሏታል። በመስኮት መስታወት የሚገባው ፀሐይ አይቆጠርም፤ የሚጠቅማትን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

ጀርባዋን ቅቤ መቀባት

ጀርባዋ ደም የሚዘዋወርበት ሕያው አጥንት ነው፤ ሲነኩት ይሰማታል። ቅቤ፣ ዘይትና ቀለም ቆሻሻ ይሰበስቡበታል እንጂ አያጠነክሩትም። በስቶ ገመድ ማሰር ደግሞ ጭካኔ ነው። ውሻ ነክሷት ከተሰነጠቀ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ፣ በውሃ የቀጠነ ቤታዲን አድርጉበትና ዝንብ እንዳይደርስበት በፋሻ ሸፍኑት። በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። በሙጫ አትድፈኑት፤ ጀርሙን ውስጥ ይቆልፍበታል። ሽታ ያለው፣ ለስላሳ ነጭ ነጠብጣብም ብስባሽ ስለሆነ ሐኪም ያስፈልገዋል።

እጅ አለመታጠብ

ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ አምጪ ጀርም ተሸክማ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. የጀርባቸው ርዝመት ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች የሆኑ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው ልጆች አፋቸው ውስጥ እየከተቱ ስለታመሙ ነው። ነክታችሁ ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ። ዕቃዋን የምግብ ዕቃ በሚታጠብበት አትጠቡ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ከሩቅ ቢያያት ይሻላል፣ በተለይ የታመመች ሰሞን።