የመሪ ዘይት አያልቅም፤ ይፈሳል

ኮሮላዬ ጠዋት ስትነሳ መሪውን ባዞርኩ ቁጥር ታቃስት ነበር። ድምፁ ከኮፈኑ ሥር ነው የሚመጣው። ከፍቼ ሳይ የፓወር ስቲሪንጉ፣ ማለትም መሪውን የሚያቀልለው መሣሪያ ዘይት ከታችኛው መስመር ወርዷል። ሞላሁት። ድምፁ ጠፋ፤ እኔም ረሳሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። አሁንም ሞላሁ። እንዲህ እያልኩ አራት ወር ገፋሁ። አንድ ቀን እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ መኪናዋን ላቆም ስጠመዝዝ መሪው ድንጋይ ሆነብኝ። ፓምፑ ሞቶ ነበር። በጊዜ አይቼው ቢሆን ኖሮ የማሸጊያ ጎማ ብቻ ቀይሬ እገላገል ነበር። ማሸጊያውም ፓምፑም ተደምረው ወጪው ከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር ይሄው ታሪክ ሲደገም አያለሁ። ባለመኪናው ሌላ፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ በቅርብ ያየኋቸውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ሞልቶ መሄድ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ሥራው እንዴት እንደሆነ ካወቃችሁ ለምን እንደምለው ይገባችኋል። ሞተሩ በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ፓምፑን ያዞራል። ፓምፑ ዘይቱን ገፍቶ በወፍራሙ ቱቦ ወደ መሪው ሳጥን ይልከዋል። ዘይቱ እዚያ ጎማውን ለማዞር ያግዝና በሌላ ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። በቃ፣ ክብ ነው። እንደ ቤንዚን አይነድም። እንደ ሞተር ዘይትም በጭስ ማውጫ ቀስ እያለ አይሄድም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ፈሷል ማለት ነው።

የት? አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ቦታ አያልፍም። የመመለሻው ቱቦ ፋሸታ (ማሰሪያ) ላልቶ ይሆናል። ወይ የወፍራሙ ቱቦ ጎማና ብረት የተጋጠሙበት ጋ ነው። ወይ ከፓምፑ ዘንግ ማሸጊያ። አራተኛው ከመሪው ሳጥን ግራና ቀኝ ጫፍ ነው፤ ሰው የማያየውም እሱን ነው። እዚያ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የጎማ ሽፋን አለ። ዘይቱ ሽፋኑ ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ መሬት አይነካም። ባለመኪናው ታች አይቶ «ምንም አይፈስም» ይላል።

የኔም እንደዚያ ነበር። መካኒኩ ዕድሜ የጠገበ ሰው ነው። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ከሥር ገባና የግራውን ሽፋን በሁለት ጣቱ ጨመቀው። እንደ ውሃ የተሞላ ፊኛ ተንቦጫቦጨ። የሽፋኑን ማሰሪያ ላላ ሲያደርገው ጥቁር ዘይት በመዳፉ ላይ ወረደ። «ልጄ፣ አራት ወር የሞላኸው ዘይት ይኸውልህ» አለኝ። «ጋሼ፣ መሬት ላይ እኮ ጠብታ አላየሁም» አልኩት። «መሬቱን ሳይሆን ይሄን ነው የምታየው» ብሎ እጄን ይዞ ሽፋኑን አስነካኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሱ ተማርኩ። መኪናችሁ ዘይት የሚያፈስ ከመሰላችሁ መካኒክ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ላቫጆ አታስገቡት። የአዳማ አቧራ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዘይት ባረጠበው ቦታ ሁሉ አቧራ ይለጠፍና ጥቁር ጭቃ ይሆናል። መካኒኩ ያንን ጭቃ ተከትሎ ከላይ እርጥብ የሆነውን የመጀመሪያ ቦታ ያገኛል። አጥባችሁ ካመጣችሁት ምልክቱ የለም። ምንጩን ካገኘ በኋላ ግን ያው ቦታ በጨርቅ ይጠረግ፣ ሞተሩ ይነሳ፣ አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ያዙር፣ ሌላው በባትሪ መብራት ይመልከት። ትኩሱ ዘይት የት ብቅ እንደሚል በዓይናችሁ ታያላችሁ።

«ማፍሰስ ያቆማል» ተብሎ ዘይቱ ላይ የሚጨመረውን ፈሳሽ በተመለከተ፣ እኔ አልመክርም። የደረቀ ጎማን ለጊዜው ያሳብጥ ይሆናል፤ የተቀደደ ቱቦ ግን አይሰፋም።

«ቀዩን ስጠኝ» ማለት

መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ ዘይት በቀለም መግዛት የተለመደ ነው። ቀለም ግን ማቅለሚያ ነው፤ የዘይቱን ዓይነት አይነግራችሁም። ብዙ የድሮ ቶዮታዎች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ማለትም ዴክስሮን 2 ወይም 3 ይወስዳሉ። ሆንዳ የራሱ አለው። አንዳንድ የጀርመን መኪናዎች አረንጓዴውን ሲንተቲክ ነው የሚፈልጉት። መልሱ ብዙ ጊዜ የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል። ካልሆነ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ። የክዳኑን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለባለሱቁ አሳዩት፤ ክርክር ይቀራል።

የፍሬን ዘይት ግን በጭራሽ! የፍሬን ዘይት መሠረቱ ግላይኮል ነው። የፓወር ስቲሪንግ የማሸጊያ ጎማዎች ደግሞ የተሠሩት ለነዳጅ ዘር ዘይት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ጎማው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በየቦታው ማፍሰስ ይጀምራል። ሁለቱ ማጠራቀሚያዎች በአንድ ኮፈን ሥር ስላሉ መሳሳት ቀላል ነው። ከተሳሳታችሁ ሞተሩን አታስነሱ። ማጠራቀሚያው ውስጥ እያለ በስሪንጅ ተስቦ ወጥቶ በደንብ ከታጠበ መትረፍ ይችላል። አንዴ ከተነሳ ግን መላው መስመር መታጠብ አለበት።

ዘይቱ መቀየር እንዳለበት ለማወቅ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ጥርት ብሎ የአዲሱን ዘይት ቀለም ከያዘ ደህና ነው። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነና የተቃጠለ ከሸተተ ጊዜው አልፏል። ጥቃቅን ጥቁር ፍርፋሪ ካያችሁ ደግሞ ከውስጥ እየተበላ ያለ የማሸጊያ ወይም የቱቦ ጎማ አለ።

ክዳኑን በነፋስ መክፈት

አዳማ የነፋስ ከተማ ናት፤ ኮረብታዎቹ ላይ የሚዞሩት የኃይል ማመንጫ ክንፎች ምስክር ናቸው። ያ ነፋስ አሸዋውን አንስቶ የተከፈተ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሲከተው ፓምፑን ከውስጥ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። መኪናውን ነፋስ በማይመታው ጎን አቁሙ።

መጠኑንም ስታዩ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ማጠራቀሚያው ላይ አንዱ መስመር ለቀዝቃዛ፣ ሌላው ለሙቅ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው ሞተር እስከ ሙቁ መስመር የሞላ ሰው ቀትር ላይ ዘይቱ ሲሞቅና ሲሰፋ በክዳኑ ሲወጣ ያየዋል፤ ከዚያ «ያፈሳል» ብሎ ጋራዥ ይሄዳል።

መሪውን ጥግ ላይ ይዞ መቆየት

ገበያ አካባቢ ባጃጁ በግራ፣ ጋሪው በቀኝ ሆኖ ስትዞሩ መሪው እስከ ጥግ ይጠመዘዛል። ችግሩ እዚያው ጥግ ላይ አጥብቆ ይዞ መጠበቅ ነው። ጎማው መሄጃ የለውም፤ ፓምፑ ግን መግፋቱን አላቆመም። ግፊቱ ጣሪያ ሲነካ ማስተንፈሻው ይከፈትና ዘይቱ እዚያው እየዞረ ይግላል። ያኔ የምትሰሙት ጩኸት የፓምፑ ነው። ከአምስት ሰከንድ በላይ አትያዙት። ጥግ ከነካ በኋላ ጣት የምታክል ብቻ መልሱት፤ ጩኸቱ ወዲያው ይቆማል። መኪናው ቆሞ ኮብልስቶን ላይ ጎማ መጠምዘዝም ያው ጉዳት ነው። ትንሽ እየተንቀሳቀሰ ይዙር።

ሁሉን ነገር በፓምፑ ማሳበብ

እዚህ ላይ ብዙ ብር ይባክናል። ምልክቱን ለዩ።

ጠዋት ወይም ውሃ ሲነካው «ጢይይ» የሚል ሹል ጩኸት ከሆነ ቺንጋው ነው፤ ላልቷል ወይም አልቋል። ወፍራም ማቃሰት ከሆነ ዘይት ጎድሏል ወይም አየር ገብቷል። ድምፅ ሳይኖር ከከበደ ከምንም በፊት ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ የፊት ጎማዎቹን ንፋስ አስለኩ፤ የጎደለ ጎማ ብቻውን መሪ ያከብዳል። ኮብልስቶን ላይ «ኳ ኳ» ካለ ቴስቲናውን (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን መገጣጠሚያ) አስፈትሹ፤ ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም። ወደ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ስትሄዱ ከ80 በላይ መሪው ከተንቀጠቀጠ የጎማ ባላንስ ነው። ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ መስተካከል)፣ ጎማ ወይም የሚይዝ ፍሬን ነው። ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚከብድ ከሆነ ግን ነገሩ ያለው መሪው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ፓምፕ መቀየር አያድነውም።

ዘይት የሌለው መኪና ላይ ዘይት መፈለግ

አሁን ከተማው ውስጥ የሚሄዱት አብዛኞቹ ቪትዞች፣ ያሪሶችና ዲዛየሮች መሪያቸው የሚታገዘው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዳዲሶቹ መኪናዎችም እንደዚያው። ዘይት የላቸውም። መሪው ሲከብድ ዳሽቦርዱ ላይ የመሪ ምስል ያለው መብራት ይበራል። ቤንዚን በሚጠቀሙት ላይ መጀመሪያ ባትሪውን አስለኩ። ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.5 እስከ 14.5 ገደማ መሆን አለበት። የባትሪው ገመድ ራሶች ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ይጽዳ። መብራቱ ከዚህ በኋላም ከበራ በኮምፒውተር ይነበብ። ሳይነበብ «የመሪው ሞተር ሄዷል፣ ይቀየር» የሚላችሁን ባለሙያ አትስሙት።

አየሩን ሳያወጡ ማስረከብ

ቱቦ ወይም ፓምፕ ተቀይሮ ዘይቱ አረፋ ሠርቶ የሚያቃስት ከሆነ አየር አልወጣም። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሱ፣ መኪናው በደንብ ይደገፍ። ሞተሩ እንደጠፋ መሪው ከጥግ ጥግ ቀስ ብሎ 15 ወይም 20 ጊዜ ይዙር፤ በመሀል ዘይቱ ሲወርድ ይሞላ። አረፋው ሲያልቅ ነው ሞተር የሚነሳው። መካኒኩ ቸኩሎ ከሆነ እናንተ አትቸኩሉ፤ አየር የጠጣ ፓምፕ አዲስ ቢሆንም ዕድሜ የለውም።

ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድ

አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አዳማ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች። በኢተያና በዴራ በኩል ሲወረድ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ዜሮ አድርጎ ሞተር የሚያጠፋ ሹፌር አውቃለሁ። አብሬው ተሳፍሬ ለምኜዋለሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ መሪው ይከብዳል። የፍሬኑ አጋዥም የሚተርፈው ለአንድ ሁለት ርግጫ ብቻ ነው። ቁልፉ ከወጣ ደግሞ መሪው ይቆለፋል። ከፊት አህያ ቢገባ በምን ይዞራል? ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርን ከነዳጅ ማንሳት ይሻላል። ኢንጄክሽን ያላቸው ሞተሮች ያኔ ራሳቸው ነዳጁን ይቆርጡታል።

ሳታስቡት መሪው መንገድ ላይ ቢከብድባችሁ አትደንግጡ፤ መኪናው አሁንም ይዞራል፣ ጉልበት ብቻ ይፈልጋል። በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ቁልፉን አትንኩ፣ ጠርዝ ያዙ። ከመሪው ጋር አብሮ የባትሪው መብራት ከበራ ቺንጋው ተበጥሷል ማለት ሊሆን ይችላል። በብዙ መኪናዎች ላይ ያው ቺንጋ የራዲያተሩን ውሃ ፓምፕም ያዞራል። «አዳማ ቅርብ ነው፣ እደርሳለሁ» አትበሉ። እዚያው ቁሙና አዲስ ቺንጋ አስመጡ።